ፓምፑ አልሞተም፣ አየር ነው የያዘው

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ሐረማያ አጠገብ ድንችና ሽንኩርት አለማለሁ። ባለ 6.5 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ያለው፣ ባለ ሦስት ፒስተን የመድኃኒት መርጫ ድሬዳዋ ገዛሁ። ሻጩ ፊቴ ሞክሮልኝ በደንብ ረጨ። አንድ ወቅት ሠራሁበት፤ ከዚያ ሦስት ወር አስቀመጥኩት። አሁን ሞተሩ በአንድ ጉተታ ይነሳል፣ ፓምፑም ይዞራል፣ ከበርሜሉ ግን ውሃ አይስብም። ቱቦውን ነቅዬ በጆግ ውሃ ስሞላው ሁለት ደቂቃ ይሠራና መትፋት ይጀምራል። የግፊት ጌጁም ይንቀጠቀጣል። አንድ መካኒክ ፓምፑ አልቋል፣ ሌላ ግዛ አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ቱቦውን በአፍህ ሳበው ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አስቸኳዩ እሱ ስለሆነ። ቱቦውን በአፍህ እንዳትስብ። የነበረበት ውሃ ብቻ ነው ብትልም እንዳትስብ። የመሳቢያ ቱቦ ግድግዳው መድኃኒት ይጠጣል። ደርቆ ሦስት ወር ቢቀመጥም ውሃ ሲነካው መልሶ ይለቀዋል። እንደ ማላታዮን ያሉት የነፍሳት መድኃኒቶች የሚሠሩት ነርቭ ላይ ነው። ነርቭ ደግሞ ትሉም አለው፣ አንተም አለህ። ጎረቤትህ ለደግ አስቦ ነው፣ ይህን ምክሩን ግን እለፈው።

ፓምፕ ለመግዛትም አትቸኩል። የጻፍከው ነገር ያለቀ ፓምፕ ምልክት አይደለም። ያለቀ ፓምፕ በጆግ ስላጠጣኸው ብቻ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አይረጭም። ያንተ ፓምፕ ውሃ ሲያገኝ ይሠራል። ጣጣው ውሃ አለማግኘቱ ነው። እዚህ ድሬ እኔ ጋ «አይስብም» ተብለው ከሚመጡት ፓምፖች አብዛኞቹ ውስጣቸው ደህና ነው። በሽታው ከበርሜሉ እስከ ፓምፑ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው ያለው። ሰው ግን ቱቦውን ቤቱ ትቶ ፓምፑን ብቻ ተሸክሞ ይመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ በል። እውነቱን ለመናገር ፓምፕ ውሃ አይስብም። እሱ የሚያደርገው ውስጡ ያለውን አየር እየገፋ ማስወጣት ነው። አየሩ ሲወጣ ቦታው ይሳሳል። ያን ጊዜ በርሜልህ ውስጥ ያለውን ውሃ ከላይ የተጫነው የውጭ አየር በቱቦው በኩል ይገፋዋል። በስትሮ ለስላሳ ስትጠጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ስትሮዋ ከጎኗ ትንሽ ከተሰነጠቀች ምንም ብትስብ አፍህ ውስጥ የሚገባው አየር ነው። ስትሮዋን ጫፏ ላይ በጣትህ ብትዘጋትም ምንም አይመጣም። ወይ አየር ይገባል፣ ወይ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ወይ ውሃው መንገዱ ይዘጋበታል። ከዚህ ወዲያ ያለው ዝርዝር ነው።

«ድሬ በደንብ ሠርቶ ነበር» ያልከውን ብዙ ሰው ስለሚለኝ ላስረዳህ። ሻጩ ዋሽቶህ አይደለም። ፓምፑ ከድሬ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥቷል። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ክብደት ውሃን በሐሳብ ደረጃ እስከ 10.3 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 9 ሜትር አይሞላም። ሐረማያ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚያ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ይህ በወረቀት ነው። በተግባር ከዚህ ግማሹን ካገኘህ ተመስገን ነው። ሞተሩም ቢሆን በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ታዲያ ይህ ብቻውን ፓምፕህን አያቆመውም፣ በርሜልህ እኮ አጠገቡ ነው። ግን ድሬ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ ሐረማያ ላይ ይታወቃል። ሻጩ ደግሞ የሞከረልህ በአጭር አዲስ ቱቦ፣ ባልዲውን ፓምፑ እግር ስር አድርጎ ነው። አንተ አሁን ፓምፑን ጋሪ ላይ፣ በርሜሉን መሬት ላይ አድርገኸው ከሆነ አውርደው። ውሃው ከፓምፑ እኩል ወይም ከፍ ቢል ሥራው ግማሹ አለቀ።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፍ ከመያዝህ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ የግፊት መቆጣጠሪያውን እይ። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፖች ላይ አንዲት እጀታ አለች። ወደ ታች ስትጫን ግፊት ትሰጣለች፣ ወደ ላይ ስትነሳ ውሃውን በመላሽ ቱቦ በኩል ወደ በርሜሉ ትለቃለች። ሲጀመር መነሳት አለባት። አንዳንዱ ስሪት እጀታ የለውም፣ የሚዞር ራስ ነው ያለው። እሱን አላላው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፓምፑ ውስጥ አየር አለ። መውጫው በግፊት ከተዘጋ ፒስተኑ አየሩን ይጨምቀዋል፣ ተመልሶ ሲሄድ ያው አየር ይለጠጣል። ጨምቆ መልቀቅ፣ ጨምቆ መልቀቅ። አየሩ አይወጣም፣ ውሃውም ቦታ ስለሌለው አይገባም። ሞተሩ ይጮኻል፣ አንተ ትናደዳለህ። እጀታዋን አንስተህ የመርጫውን ቧንቧም ክፈተው። ጤነኛ ፓምፕ እንዲህ ሆኖ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ግን ደረቁን አታሽከርክረው። የፒስተኖቹን ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) የሚያቀዘቅዛቸውም የሚያለሰልሳቸውም ውሃው ነው። ያለ ውሃ ይቃጠላሉ። ያኔ መካኒኩ «አልቋል» ያለው እውነት ይሆናል።

ሁለተኛ የበርሜሉን ክዳን አላላው። አትሳቅ። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነና የአየር መግቢያ ቀዳዳ ከሌለው፣ ውሃው በወረደ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል። ውሃውን የሚገፋው ኃይል ጠፋ ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ የሚያቆም ፓምፕ ሲነገረኝ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ክዳኑን ስታላላው «እፍ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ሌባውን ይዘኸዋል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫም ክዳኑ ላይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በጭቃ ትደፈናለች።

ሦስተኛ የመላሹን ቱቦ ጫፍ ተመልከት። ከላይ ተንጠልጥሎ ውሃውን እንደ ፏፏቴ እየጣለ ከሆነ አረፋ ይሠራል። አረፋ አየር ነው። የመሳቢያው ወንፊት እዚያው አጠገብ ካለ ያንኑ አረፋ መልሶ ይውጣል። መላሹን ወደ ውሃው ውስጥ አስገባው፣ ከመሳቢያውም ራቅ አድርገው። ውሃው ወደ ታች ሲቀንስም ወንፊቱ ላይ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ጉድጓድ ይፈጠራል። በዚያም አየር ይገባል። ወንፊቱን በርሜሉ ወለል ላይ በደንብ አስተኛው፣ ውሃውንም እስከ ጠብታው አታስጨርሰው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ወደ ባልዲ ሙከራ እንሂድ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ እሱን ያዝ። አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ጠንካራ፣ ጤነኛ ቱቦ ፈልግ። ተዋስ እንጂ አትግዛ። የራስህን የመሳቢያ ቱቦ ከነወንፊቱ ንቀልና ይህን አጭሩን ፓምፑ ላይ አስረው። ጫፉን ንጹሕ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ክተት። ባልዲውን ከፓምፑ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጠው። መላሹንም ወደዚያው ባልዲ መልሰው፣ አለበለዚያ ባልዲው በቅጽበት ያልቃል። እጀታዋን አንሳ፣ ሞተሩን በመካከለኛ ፍጥነት አስነሳ። ፓምፑ ውሃ ከያዘና መላሹ ሳይቆራረጥ ከፈሰሰ ፓምፕህ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያወለቅከው ቱቦ ላይ ነው። እንዲህም ሆኖ ካልያዘ ጥፋቱ ፓምፑ ውስጥ ነው። በአሥር ደቂቃ ሥራ ችግሩን ለሁለት ከፈልከው። መካኒክህ ይህን ሳይሠራ «አልቋል» ብሎህ ከሆነ፣ አቦ፣ የኪስህን ውፍረት ነው የመረመረው።

እኔ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። ልንገርህ ለምን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መትፋቱና ጌጁ መንቀጥቀጡ የአየር ነገር ነው። አየር ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ሲገባ ጌጁ ሥርዓት በሌለው መንገድ ይዘላል። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ቀጥ። የተጣበቀ ቫልቭ ግን ጌጁን የሚያናውጠው በምት ነው፣ ፓምፑ በዞረ ቁጥር ተመሳሳይ ምት። መላሹን ቱቦ በእጅህ ጨብጠው። ወጥ የሆነ ትርታ ከተሰማህ ቫልቭ ጠርጥር። እንደሚያገሳ ሰው «ጉርርር» ካለና ከመላሹ የሚወጣው ውሃ ወተት ከመሰለ፣ ያ ነጭነት በጣም ደቃቅ የአየር አረፋ ነው።

የመሳቢያ ቀዳዳ ሰውን የሚያታልለው አንድ ጠባይ ስላለው ነው። ፓምፑ ሲሠራ ውሃ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም። አየር ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ዓይንህ ምንም አያይም። ሰው «ደረቅ ነው፣ አያፈስም» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ አድርግ። ፈሳሽ ሳሙና ወይም ኦሞ በውሃ መትተህ ወፍራም አረፋ ሥራ። ፓምፑ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አረፋ ቀባቸው። የጎማ ቀዳዳ ስትፈልግ አረፋው ይነፋል። እዚህ በተቃራኒው ነው፣ አረፋው ወደ ውስጥ ተስቦ ይጠፋል። አረፋ የጠፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ግራሶ ካለህ ደግሞ መጋጠሚያውን ወፈር አድርገህ ለብጠው። ፓምፑ በድንገት ከተስተካከለ ቦታውን አገኘኸው። ግራሶው ግን ምርመራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም፣ እሱን ተማምነህ ወደ ማሳ እንዳትወጣ። ይህን ስትሠራ እጅህን ፓምፑን ከሞተሩ ከሚያገናኘው ቀበቶ፣ ከሚሽከረከረው ቺንጋ አርቀህ ያዝ፣ የነጠላህንም ጫፍ ሰብስበው።

ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የት ነው? ፓምፑ መግቢያ ላይ ባለችው ጎሚኒ። ሦስት ወር ደርቃ ስትቀመጥ ትኮማተራለች፣ ትሰነጠቃለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀይራት፣ ስትመልሳት ትንሽ ግራሶ ቀባት። ከዚያ ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት፣ ፋሸታው አለ። ፋሸታው በዝጎ ከላላ ወይም በሽቦ ተጠፍንጎ ከሆነ ጣለው። ሽቦ ቱቦውን በሁለት ነጥብ ነው የሚጨብጠው፣ በመካከሉ አየር ያልፋል። ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ መጠምጠምም እዚህ አገር የተለመደ ነው። ለውሃ ማጠጫ ይሁን። ለመሳቢያ ግን አይሆንም፣ ቤንዚንና መድኃኒት ሲነካው ይለሰልሳል። ሁለት ፋሸታ ጎን ለጎን እሰር፣ የመጠምዘዣዎቹን ራስ በተለያየ አቅጣጫ አድርገህ። ጥርስ ያለው የብረት መጋጠሚያ ካለም ቴፍሎን ጠምጥምበት።

አሁን ስለ ቱቦው ራሱ። አንድ ጊዜ እኔው የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ከኤረር ሸለቆ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ያንተን የመሰለ ፓምፕ አመጣልኝ። ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ፣ እዚሁ በባልዲ ሞከርኩ፣ ሠራ። ሄደ። በሳምንቱ ተመለሰ። ፈታሁት፣ ቫልቮቹን አጠብኩ፣ ሞከርኩ፣ ሠራ። ሄደ። በሦስተኛው በርሜሉንም ቱቦውንም ጋሪውንም ሁሉ ጭኖ መጣ፤ ፊቱ ላይ ያለውን አልነግርህም። በራሱ ቱቦ ስሞክረው እምቢ አለ። ቱቦው ከውጭ አዲስ ነው የሚመስለው። በቢላ ስሰነጥቀው የውስጡ ሽፋን ከውጩ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ ሲስብ ያ ሽፋን እንደ ጉሮሮ ይዘጋል። ሲቆም ይከፈታል። ውሃ ብታፈስበት በደንብ ያልፋል፣ ስለዚህ ፈትሸህም አታገኘውም። ዘይትነት ባለው መሟሟያ የሚዘጋጁት ፈሳሽ መድኃኒቶች ጎማን እንዲህ ያሳብጣሉ። የሰውየውን ሁለት ጊዜ የጥገና ገንዘብ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ፓምፕ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው «ቱቦህስ?» ሳልል አልቀበልም።

ስለዚህ ቱቦህን እየሠራ እያለ ዳብሰው። በመሐሉ ጠፍጠፍ የሚል ቦታ ካለ፣ ጉልበቱ ላይ ከታጠፈ፣ ወይም ከወትሮው ለስልሶ ከተገኘ አበቃለት። ስትገዛ ግድግዳው ውስጥ ጥምዝ ሽቦ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው፣ የፓምፑን መግቢያ ያህል ስፋት ያለው ይሁን። የጓሮ አትክልት ማጠጫ ቱቦ ለመሳቢያ አይሆንም፣ ፓምፑ ሲስብ ይጨፈለቃል። ውስጧን የምታሳይ ቱቦ ካገኘህ ግዛ፣ ውሃው ሲሄድና አየሩ ሲገባ በዓይንህ ታያለህ። የቤት ውስጥ ሐኪም ማለት ነው። ርዝመቱን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ አታድርገው። የተጠቀለለ ትርፍ ቱቦ አናቱ ላይ አየር ይይዛል።

ወንፊቱን ሳልረሳ። እንደ ማንኮዜብ ያሉት ዱቄት መድኃኒቶች በደንብ ሳይበጠበጡ ከገቡ ወንፊቱ ላይ እንደ ኖራ ይለሰናሉ። ሦስት ወር ከቆየ ድንጋይ ነው። ለብ ባለ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳው። ሚስማር አታስገባበት። «ወንፊቱን አውልቄ ልሥራ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ውሃው በደስታ ይገባል፣ አሸዋውም አብሮ።

ባልዲው ሙከራ ላይ ፓምፑ እምቢ ካለ ቫልቮቹን እናያለን። እያንዳንዱ ፒስተን መግቢያና መውጫ ቫልቭ አለው። ትንሽ ሳህን፣ ከኋላዋ ሞላ። ሥራዋ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ነው። ሳይታጠብ የተቀመጠ ፓምፕ ውስጥ መድኃኒቱ ይደርቅና ሳህኗን መቀመጫዋ ላይ ይለጥፋታል። የኛ ውሃ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የድሬን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ያ ነጭ ቅርፊት ምን እንደሆነ ያውቃል። ያው ቅርፊት ቫልቭ ላይም ይቀመጣል።

ከመፍታትህ በፊት አንድ የዋህ ዘዴ ሞክር። የመግቢያውን ቱቦ ንቀልና ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አፍስስበት። ሞተሩን ሳታስነሳ ቺንጋውን በእጅህ ይዘህ ፓምፑን ጥቂት ዙር አዙረው፣ የሞተሩን እሳት ሰጪ፣ ካንዴላውን ነቅለህ። ሌሊቱን እንዲሁ ተወው። የደረቀ ቫልቭ አየር አይዝም፣ የራሰ ቫልቭ ግን ይይዛል። ሦስት ወር የተቀመጠ ፓምፕ በዚህ ብቻ ሲድን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ካልዳነ ፍታው። ከመፍታትህ በፊት እጀታዋን አንሳ፣ ቧንቧውን ክፈት፣ ጌጁ ዜሮ መሆኑን እይ። ጓንት አድርግ፣ ውስጡ ያለው ውሃ የመድኃኒት ውሃ ነው። አንድ ቫልቭ ፈትተህ አውጥተህ፣ በየትኛው ፊቷ እንደተቀመጠች በስልክህ ፎቶ አንስተህ ብቻ ወደ ሁለተኛው እለፍ። ተገልብጣ የተመለሰች ቫልቭ ፓምፑን ከበፊቱ የባሰ ታደርገዋለች። ነጩ ቅርፊት ካለ አቼቶ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፈህ በብሩሽ አጥባት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። በረኪና አትቀላቅልበት፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። የፓምፑን የአሉሚኒየም ገላ ግን አቼቶ ውስጥ አታሳድር፣ ይበላዋል። ሳህኗ ወይም መቀመጫዋ ከተቦረቦረ፣ ሞላዋም ከተሰበረ መቀየር ነው። በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ አያዋጣም። ስድስቱንም እይ። አንዷ ብቻ ብትጣበቅ ፓምፑ በሁለት እግሩ እንደሚያነክስ ፈረስ ይሄዳል፣ ግን ይሄዳል። ጨርሶ የማይስብ ከሆነ ከአንድ በላይ ነው።

የፒስተኖቹ ጎሚኒ ካለቀ ምልክቱ ሌላ ነው። ከፓምፑ ሆድ ስር ውሃ በተከታታይ ይወርዳል፣ ወይም የሞተር ዘይት የሚመስለው የፓምፑ ዘይት ቡና በወተት ይሆናል። ይህን አልጻፍክም፣ ስለዚህ አልጠረጥርም። ግን ፓምፑ ላይ ያሉትን ሦስት የግራሶ ስኒዎች አስታውሳቸው። ስትሠራ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየጠመዘዝክ ግራሶ አውርድላቸው። ብዙ ሰው ለጌጥ የተቀመጡ ይመስሉታል። ቺንጋውም ላልቶ የሚንሸራተት ከሆነ ፓምፑ ፍጥነት ስለሚያጣ አየሩን አያወጣም። መሐሉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ጣት ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ይግባ።

ጎረቤቶችህ ጉድጓድ ላይ የሚጠቀሙበት ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች የመስኖ ፓምፕ ከዚህ የተለየ ፍጥረት ነው። አታምታታው። እሱ ውስጡ የሚሽከረከር ክንፍ ነው ያለው፣ አየርን መግፋት አይችልም። አየር ከውሃ 800 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ክንፉ ዝም ብሎ ይቀዝፈዋል። ስለዚህ እሱን ሁልጊዜ አናቱ ላይ ባለው መክፈቻ ውሃ ሞልቶ ማስነሳት ግድ ነው። ያንተው ግን ፒስተን ስለሆነ ሁልጊዜ በጆግ መሞላት የለበትም። ሁልጊዜ የሚጠይቅህ ከሆነ ታሟል።

ጉድጓድ ካነሳን አይቀር። ውሃው ሲርቅ የቤንዚን ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። ውሃው ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ ሲርቅ ከላይ ሆኖ መሳብ ስለማይቻል ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን የሞተሩ ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለበት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ወርዶ አይወጣም፣ ሊያወጣው የወረደውም አይወጣም። ከወንድሞችህ መካከል ይህን የሚያደርግ ካለ ዛሬውኑ ንገረው።

ከተስተካከለልህ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ርጭት በጨረስክ ቁጥር በርሜሉን ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቅ፣ እያንዳንዱንም በፓምፑና በመርጫው ዘንግ አሳልፈህ እዚያው የረጨኸው ማሳ ላይ ርጨው። ጉድጓድ አፍ ወይም ሐይቁ ዳር እንዳታጥበው። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጠው ቱቦዎቹን ነቅለህ ውሃውን በሙሉ አውጣ፣ ለዚህ ጥቂት ሰከንድ ደረቁን ብታዞረው አይጎዳውም። ግራሶ ስኒዎቹን ጠምዝዝ፣ ቺንጋውን አላላ፣ ቱቦውን ሳትጠቀልል ዘርግተህ ጥላ ውስጥ ስቀል። በየወሩ አንዴ በእጅህ ጥቂት ዙር አዙረው፣ ቫልቮቹ እንዳይጣበቁ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት የባልዲውን ሙከራ ሥራና ውጤቱን ጻፍልኝ። ውሃ ያዘ ወይስ አልያዘም? ጌጁ በምት ነው የሚዘለው ወይስ እንዳሻው? የቱቦህን ስፋትና ርዝመትም ጨምርበት። እስከዚያ ገንዘብህን አታውጣ፣ ለጎሚኒዋና ለሁለት ፋሸታ ካልሆነ በቀር።